ሬይድ 5 ፍተሻው ልዩነት 312 አለኝ፤ ደግሜ ባስቆጥረው 448 ሆነ

የአባቴ ስቱዲዮ፣ ደሴ
ጥቅምት 25

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት አለኝ፤ አባቴ የከፈተው ነው። ቀን ቀን የመታወቂያ ፎቶ፣ ሰርግና ኒካህ እንሠራለን። ማታ ማታ ደግሞ የአባቴን የድሮ ኔጌቲቮች ስካን እያደረግኩ አስቀምጣለሁ። ጥቁርና ነጭ፣ 6 በ6 የሚባሉት ናቸው። በ3200 ዲፒአይ፣ በ16 ቢት ሲነሡ አንዱ ፎቶ ብቻውን ወደ 100 ሜጋባይት ይመጣል። ሁሉም የሚያርፉት ቤቴ ደረጃ ሥር ባስቀመጥኩት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው፦ ዴቢያን የሚባለው ሊኑክስ፣ አራት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች፣ በኤምዲአድም (ዲስኮችን በሚያጣምረው ፕሮግራም) የተሠራ ሬይድ 5 (አንድ ዲስክ ቢሞት ዳታው ከቀሩት ተሰልቶ የሚመለስበት አደረጃጀት)፣ በላዩ ኢኤክስቲ 4 የሚባለው ፋይል ሲስተም።

የእኔ ዴቢያን በፈረንጅ ወር የመጀመሪያ እሑድ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ57 ላይ ይነሣና ዳታውና ፓሪቲው (ከዳታው ተሰልቶ አብሮ የሚቀመጠው ማመሳከሪያ) መስማማታቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈትሻል። እኔ ተኝቼ የሚሠራልኝ እሱ ብቻ ነው። መስከረም 25 ፈትሾ ልዩነት 0 አለ። ጥቅምት 23 ፈትሾ 312 አለ። ሰኞ ማታ በእጄ አስጀመርኩት፤ 8 ሰዓት ተኩል ፈጅቶ ሲጨርስ ደግሞ 448። በመካከሉ አንድም ፋይል አልጻፍኩበትም።

ዲስኮቹን በስማርት (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና በሚይዘው መዝገብ) አየኋቸው። የተተካ ሴክተር የለም፣ ፍርዱን የሚጠብቅ ሴክተርም የለም፤ አራቱም ንጹሕ ናቸው። ሙቀታቸው 24 ዲግሪ ነው። የደሴ ጥቅምት ነውና ከእኔ እነሱ ይሻላሉ። አንደኛው ዲስክ ላይ ብቻ የገመድ ስሕተት የሚቆጥረው መስመር 17 ይላል። አምና ደብተሬ ላይ ስጽፈውም 17 ነበር።

መብራት እንደሚጠፋ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ዩፒኤስ አለኝ፣ ባትሪው ግን አርጅቶ ሦስት ደቂቃ አያቆይም። ጥቅምት 11 ሌሊት መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ድንገት ተዘግቷል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ሪፔር (ልዩነቱን አስተካክል) የሚለውን ትእዛዝ ልስጠውና ልገላገል? ወይስ አዲስ ዲስክ ልግዛ? የምጠነቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 ጥቅምት ከከተማ ስንወጣ ኔጌቲቮቹን ትቼ ሁለት ዲስክ በነጠላ ጠቅልዬ ነው የሄድኩት። ስመለስ ሣጥኖቹ ተገልብጠው ነበር፤ ግማሹን ኔጌቲቭ እርጥበት በልቶታል። የእነዚያ ፎቶዎች መልክ ዛሬ ያለው እዚህ ዲስክ ላይና ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ባስቀመጥኩት ቅጂ ላይ ብቻ ነው። ቅጂውን የወሰድኩት መስከረም 28 ነው።


ፈጥኖ ደራሽ

ወንድሜ፣ ይህን ያህል አያስጨንቅም። መብራት ሲሄድ ዳታው ተጽፎ ፓሪቲው ሳይጻፍ ቀርቷል፣ ይኸው ነው። ሪፔር በለው፣ ይደርና ጠዋት 0 ታገኛለህ። እኔ ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ።


ቦርከና፣ ኮምቦልቻ

እባክዎ ሪፔርን አይንኩ። ቢያንስ ይህን አንብበው እስኪጨርሱ።

ሬይድ 5 ሲፈትሽ በእያንዳንዱ ረድፍ የሦስቱን ዲስክ ዳታ ያሰላና ውጤቱን አራተኛው ዲስክ ላይ ካለው ፓሪቲ ጋር ያስተያያል። ካልገጠመ አንድ ብሎ ይቆጥርና ያልፋል። ማን እንደዋሸ አያውቅም። ድሮ በአገራችን ከብት ሲሰረቅ አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር፤ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ፍተሻው ሕዝቡን ሰብስቦ «ከመካከላችሁ ሌባ አለ» ብሎ የሚበትን ዳኛ ነው። ሪፔር ደግሞ ከዚያ የባሰ ዳኛ ነው፤ ሳይጠይቅ ይፈርዳል፣ ፍርዱም ሁልጊዜ አንድ ነው። ዳታው እውነተኛ፣ ፓሪቲው ሐሰተኛ ይልና ፓሪቲውን በዳታው ልክ እንደገና ይጽፈዋል። የተበላሸው ዳታው ከነበረ፣ ትክክለኛውን መልሶ ለማስላት የቀረችውን አንዲት ማስረጃ አጠፋ ማለት ነው።

መብራቱን በተመለከተ፣ ኤምዲ (ሬይዱን የሚያንቀሳቅሰው የሊኑክስ ክፍል) ሲነሣ በደንብ እንዳልተዘጋ ካየ ራሱ ፓሪቲውን ከዳታው ጋር ያስተካክላል። ጥፋቱ የመብራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥቅምት 23 ላይ 0 ይገኝ ነበር።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው፤ 312 የነበረው 448 መሆኑ። በመካከሉ ካልጻፉበት ዲስኮቹ ላይ ያለው ነገር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ንባቡ ነው። ጉዳቱ ዲስክ ላይ ቢሆን ስንት ጊዜ ቢቆጠር ያው ቁጥር፣ ያው ቦታ ይመጣል። ቁጥሩ የሚዋልል ከሆነ ከዲስኩ እስከ ፕሮሰሰሩ ባለው መንገድ ላይ የሚያደናቅፍ ነገር አለ፤ ገመድ፣ መቆጣጠሪያ ወይም ራም። የገመዱ ቆጣሪ ወደ ኋላ የማይመለስ ስለሆነ 17 ማለት የድሮ ጠባሳ ነው፤ ዛሬም የሚያደማ ቢሆን 18፣ 19 እያለ ይሄድ ነበር።

ስለዚህ ዲስክ ለመግዛት አይቸኩሉ። ይልቅ ይህን ይንገሩን፦ ከመስከረም 25 ወዲህ ኮምፒውተሩ ላይ ምን ተለወጠ? ትንሽ ነው ብለው የናቁት ነገር ካለም ይጨምሩ።


የአባቴ ስቱዲዮ

ወንድሜ ላልከኝ ፈጥኖ ደራሽ፣ እህትህ ነኝ። ምክርህን ግን ልከተለው አንድ ሐሙስ ቀርቶኝ ነበር።

ቦርከና፣ ጥያቄውን ሳነብ ግንባሬን መታሁ። ጥቅምት 4 ራም ጨምሬበታለሁ። 8 ጊጋባይት ነበረው፤ ከፈረሰ ቢሮ ኮምፒውተር የወጣ ሌላ 8 ገዝቼ ሰካሁ። ደብቄ አይደለም፣ ጭራሽ ከዲስክ ጋር ይገናኛል ብዬ አላሰብኩም። ኮምፒውተሩ ከዚያ ወዲህ አልቆመብኝም፣ ሰማያዊም ጥቁርም ስክሪን አላሳየኝም። እንዲያውም ፈጠነልኝ ብዬ ለሻጩ ደውዬ አመስግኜዋለሁ።


ገራዶ

ምስጋናውን መልሺው።

እኔ የምሠራው ጥገና ነው፣ እዚሁ ደሴ ሸዋበር። በራም የተነሣ የመጣ ኮምፒውተር ባለቤቱ «ራሙ ደህና ነው፣ ዲስኩ ነው» ብሎ ነው የሚያመጣው። የተበላሸ ራም ሁልጊዜ ኮምፒውተር አያቆምም። አንዲት ቢት ብቻ፣ ያውም ሲሞቅ ብቻ የምትገለበጥ ከሆነ ፕሮግራሞቹ ላያርፉባት ይችላሉ። ፍተሻ ሲነሣ ግን አራት ዲስክ ሙሉ ዳታ በዚያች ቦታ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ይመላለስባታል። ያኔ ትጋለጣለች። የቤት ኮምፒውተር ራም ደግሞ እንደ ትልልቅ ሰርቨሮቹ ስሕተቱን ራሱ የሚያርም አይደለም።

ሜምቴስት የሚባለውን የራም መፈተሻ በፍላሽ ጫኚና ከእሱ አስነሺው። አንድ ዙር ጨርሶ «ንጹሕ ነው» ቢልሽ አትመኚው፣ ይደር። ስሕተት ከተገኘ ሁለቱንም አውጪና አንድ በአንድ፣ በዚያው በአንዱ መሰኪያ ላይ ሞክሪ። መሰኪያ ቀይረሽ ራም ቀይረሽ ከሆነ የትኛው እንደተበላሸ አታውቂውም፤ ይህን ስሕተት ራሴ ሠርቼ የሰው ማዘርቦርድ ጥዬ አውቃለሁ። እስከዚያው ሰርቨሩ ላይ አትጻፊ።


የአባቴ ስቱዲዮ
ጥቅምት 28

ሦስት ሌሊት ሆነ። ሁለቱ ራሞች አብረው ሲፈተሹ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ንጹሕ ነበሩ። ንጋት ላይ ስነሣ ሦስተኛው ዙር ስክሪኑን በቀይ ሞልቶት አገኘሁ፤ ሁሉም ስሕተት ያችው አንዲት ቢት ናት። ለየብቻ ሳደርጋቸው አዲሱ (ማለቴ አሮጌው፣ የገዛሁት) ወደቀ። ነባሩ 11 ሰዓት ሙሉ ሲፈተሽ አንድም አልተገኘበትም። የገዛሁትን አውጥቼ የስፌት መርፌዬ ጣሳ ውስጥ ጥዬዋለሁ።

ከዚያ ፋይል ሲስተሙን ነቅዬ፣ በነባሩ ራም ብቻ፣ ፍተሻውን አስነሣሁ። 72 አለ። ደገምኩት። 72 አለ። ቁጥሩ መቆሙ ደስ ይላል፣ 0 ላይ አለመቆሙ ግን ያንገበግባል። አሁንስ ሪፔር ይፈቀድልኛል?

አንድ ነገር ልናዘዝ። ጥቅምት 12 ጠዋት፣ መብራት በጠፋ ማግስት፣ ዲስኮቹ እስከ ከሰዓት ሲያጉረመርሙ ነበር። ቢትማፕ የሚባለውንም (የትኞቹ ቦታዎች እየተጻፈባቸው እንደሆነ የሚመዘግበውን) ከዓመት በፊት አጥፍቼዋለሁ። ጽሑፍ ያዘገያል የሚል ምክር አንብቤ ነው።


ቦርከና

አብሽሪ እህቴ፣ ነገሩ አሁን መልክ ያዘ። ገና አልተፈቀደልሽም ግን።

ቁጥሩን እንተርጉመው። የሚቆጠረው በሴክተር ነው፤ አንዱ ሴክተር 512 ባይት። 72 ሴክተር 36 ኪሎባይት ነው። ሬይድ 5 ላይ ደግሞ በስምንት በስምንት ነው የሚጨምረው፤ ስለዚህ ያልገጠሙት ዘጠኝ ቦታዎች ብቻ ናቸው። የቀድሞዎቹ 312 እና 448 አብዛኛቸው ራሙ የፈጠራቸው ጥላዎች ነበሩ። እነዚህ ዘጠኙ ግን ዲስክ ላይ የተጻፉ እውነተኛ ጠባሳዎች ናቸው።

ከየት መጡ? ከጥቅምት 12 ጠዋት ነው ብዬ እገምታለሁ። ቢትማፕ ቢኖር ኖሮ ኤምዲ መብራት ሲጠፋ እየተጻፈባቸው የነበሩትን ጥቂት ቦታዎች ብቻ አስተካክሎ በደቂቃዎች ይጨርስ ነበር። ስለሌለ አሬዩን (አንድ ላይ የተጣመሩትን አራቱን ዲስኮች) በሙሉ ሄደበት። በታመመ ራም ዳታ ያነባል፣ ቢቷ ስትገለበጥ «ፓሪቲው አልገጠመም» ይላል፣ ከተገለበጠው አስልቶ ደህናውን ፓሪቲ ይሽረዋል። አስተዋልሽ? ፈጥኖ ደራሽ የመከረሽ ሪፔር አንድ ጊዜ ያለ ፈቃድሽ ተካሂዷል። ባለፈው ሰኞ ደግመሽው ቢሆን ጠባሳዎቹ ከዘጠኝም ይበዙ ነበር።

አሁን የሚሠራው። ፍተሻው ያልገጠመውን ቦታ በከርነሉ መዝገብ ላይ ጽፎልሻል፤ ከሴክተር እስከ ሴክተር ይላል። ያ ቁጥር በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ ያለው ርቀት ነው እንጂ በአሬዩ ላይ ያለው አይደለም። አንቺ ጋ በየረድፉ ሦስት የዳታ ዲስኮች ስላሉ በአሬዩ ላይ በግምት ሦስት እጥፍ ነው፤ በትክክል ለማግኘት የቻንኩን (ወደ ሌላው ዲስክ ከመታለፉ በፊት በአንዱ ዲስክ ላይ ተከታትሎ የሚጻፈውን ቁራጭ) መጠን ተመልከቺ፣ ካልቀየርሽው 512 ኪሎባይት ነው። እያንዳንዱ ያልገጠመ ቦታ ሦስት ተጠርጣሪ የዳታ ብሎኮች ይሰጥሻል፣ ዘጠኙ በድምሩ 27። ዲቡግኤፍኤስ የሚባለው የኢኤክስቲ 4 መመርመሪያ ብሎኩ የየትኛው ፋይል እንደሆነ ይነግርሻል። ፋይሎቹን ኮምቦልቻ ካለው ቅጂ ጋር በሻ 256 (ከፋይሉ ይዘት በሚሰላ አሻራ) አስተያዪ። ከቅጂው ጋር ከገጠመ ዳታው ደህና ነው፣ የተሳሳተው ፓሪቲው ነው፤ ሪፔር የሚጠቅመው ለዚያ ነው። ካልገጠመ መጀመሪያ ፋይሉን ከቅጂው መልሺ።

አሁን ደግሞ የማትወጂውን ልንገርሽ። ዳታው ፓሪቲው ከመሰላቱ በፊት ራሙ ላይ ተገልብጦ ከሆነ፣ ፓሪቲው የተሰላው ከተበላሸው ነው። ምስክሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ውሸት ተምረው ቀርበዋል። ፍተሻው «ገጥሟል» ይላል፣ ፋይሉ ግን ተበላሽቷል። ስለዚህ ከጥቅምት 4 እስከ 25 የጻፍሽውን ሁሉ፣ ዘጠኙ ቦታዎች ውስጥ ኖረም አልኖረም፣ ከምንጩ ጋር ማስተያየት አለብሽ። መስከረም 28 የወሰድሽው ቅጂ ከራሙ በፊት የነበረ ነውና እሱን እመኚው፤ የአዲሶቹ ምንጭ ግን እዚያ ውስጥ የለም።


ሐይቅ ዳር

ይህ ሁሉ መከራ ኢኤክስቲ 4 የዳታ ማረጋገጫ ስለሌለው ነው። ዜድኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ሲስተም ቢሆን እያንዳንዱ ብሎክ የራሱ ቼክሰም (ከይዘቱ የተሰላ ማረጋገጫ ቁጥር) ስላለው ሲያነብ የትኛው ዲስክ እንደዋሸ ያውቃል፣ ከደህናውም ያስተካክላል። አሁኑኑ ወደዚያ ተሻገሪ።


ገራዶ

ሐይቅ ዳር፣ ያልከው ስለ ዲስክ ውሸት እውነት ነው። ቼክሰሙ ከመሰላቱ በፊት ራሙ ላይ ለተገለበጠ ቢት ግን ዜድኤፍኤስም ቼክሰም ያሰላለታል። ደግሞም ቤት ሲቃጠል ዕቃ አውጥቶ ወደ አዲስ ቤት መግባት እንጂ አዲስ ቤት መሥራት አይጀመርም። መጀመሪያ ዘጠኙን ትጨርስ።


ፈጥኖ ደራሽ

እህቴ፣ ይቅርታ። የራሴንም ራም ዛሬ ማታ እፈትሻለሁ። ሦስት ጊዜ ሪፔር ያልኩት አሬይ አለኝ።


የአባቴ ስቱዲዮ
ኅዳር 3

እህቴ ዲስኩን ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ይዛልኝ መጣች። ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የሐረጎን ዳገት ሙሉ «ይህ ነገር ይፈነዳል እንዴ» እያለች።

ከ27ቱ ብሎኮች 10ሩ ባዶ ቦታ ላይ ናቸው። 17ቱ በስድስት ፋይሎች ውስጥ ይገኛሉ። አምስቱ ከእህቴ ዲስክ ጋር ልክ ለልክ ገጠሙ፤ ፓሪቲው ነበር ሐሰተኛው፣ ቦርከና እንዳለው። ስድስተኛው ጥቅምት 9 ያስገባሁት ስካን ስለሆነ ከቅጂው ውስጥ የለም።

ከዚያ የማልወደውን ሥራ ጀመርኩ። ከጥቅምት 4 እስከ 25 ያስገባሁት 214 ስካን ነው። እዚህ ላይ ስንፍናዬ አዳነኝ። ስካነሩ የተያያዘበትን ላፕቶፕ በየሳምንቱ ማጽዳት ነበረብኝ፤ አንድ ሳምንት ብቻ ነው ያጸዳሁት። ስለዚህ የ178ቱ ምንጭ ላፕቶፑ ላይ አለ። ሳስተያያቸው ሦስት አልገጠሙም። አንዱ ያ ስድስተኛው ፋይል ነው። ሁለቱ ግን ፍተሻው ምንም ያላለባቸው ቦታዎች ላይ ናቸው። ቦርከና የነገረኝን ባላነብ ኖሮ ዕድሜ ልኬን ደህና ናቸው እያልኩ እቀመጥ ነበር። ሁለቱን ከፍቼ ትኩር ብዬ አየኋቸው። ምንም አይታይም። ያልታመቀ ምስል ላይ አንዲት ቢት ስትገለበጥ አንዲት ነጥብ ናት፣ ከ50 ሚሊዮን ነጥቦች አንዷ።

ሦስቱን ከላፕቶፑ መለስኩ። ከዚያ ሪፔር፣ ከሪፔሩ በኋላ ፍተሻ። 0። ቢትማፑን መልሼ አበራሁት። የዩፒኤሱንም ባትሪ ቀየርኩ፤ አሁን 14 ደቂቃ ያቆያል፣ ባትሪው ሲዳከም ሰርቨሩ ራሱን ቀስ ብሎ እንዲዘጋም አስተካክያለሁ።

የቀሩት ላፕቶፑ ላይ ያጠፋኋቸው 36 ፎቶዎች ናቸው። ሦስት ጥቅል ፊልም። ከእነሱ ውስጥ የተበላሸ ይኑር አይኑር የማውቅበት መንገድ የለም፤ ቢኖርም በዐይን አይታይም። ባለቤቴ «እንግዲያ ምን አስጨነቀሽ» አለኝ። ልክ ነው። ግን ኔጌቲቮቹ እርጥበት ካልነካቸው ወገን ናቸው፣ እጄ ላይ አሉ። ከ2014 በኋላ «እጄ ላይ አለ» የምለው ነገር ስንት እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

ይህን የምጽፈው ስካነሩ እስኪሞቅ ነው። የመጀመሪያው ፍሬም አይጠየፍ አዳራሽ ፊት ለፊት የተነሣ ነው፤ ብስክሌት የያዘ ልጅ ቆሞበታል፣ የፊት ጎማው ግማሹ ከፎቶው ውጭ ነው። አባቴ ጎማ መቁረጥ ይወድ ነበር።

ገራዶ፣ ጣሳ ውስጥ ያለውን ራም ትፈልገዋለህ?


ገራዶ

አልፈልገውም። ለማንም እንዳትሸጪው ብቻ።